ጨለማው በማን ላይ ይወድቃል? ስለ ምትሃታዊ ልብ ወለዶች ምርጫ

ኪነ ጥበብ የኅብረተሰብ ኑሮ ነጸብራቅ ነው የሚለው አባባል በሂስ ገጾች ላይ ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ ተነግሯል። አባባሉ ትክክል ነው። ነገር ግን ነጸብራቅ የሚለውን ቃል አጥብበው የሚተረጉሙ አንዳንድ ሐያስያን፣ ጭራቅና ጠንቋይ፣ ጂንና መተት የሚታይበትን ልብ ወለድ ሁሉ ከኑሮ የሸሸ ቅዠት ነው በማለት ገና ሳያነብቡት ወደ ጎን ሲያደርጉት ይታያል። በሌላ በኩል ደግሞ ወጣቱ አንባቢ ይህንኑ ዓይነት መጽሐፍ አጥብቆ ይሻል፤ የሚመርጥለት ስለሌለም ከእጁ የገባውን ሁሉ ያነብባል። በሐያሲው ንቀትና በወጣቱ ጥማት መካከል ምርጫ ጠፍቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በቅርብ ዓመታት ከታተሙት ምትሃታዊ ልብ ወለዶች መካከል ሊነበቡ የሚገባቸውን መጠቆምና የመምረጫውን ሚዛን ለመምህራን፣ ለባህል ሠራተኞችና ለኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ማቅረብ ነው።

በቅድሚያ ስለ ስያሜው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ፈረንጆች ፋንታሲ የሚሉትን የልብ ወለድ ዘርፍ በዚህ ጽሑፍ ምትሃታዊ ልብ ወለድ እንለዋለን። በተፈጥሮ ሕግ ሊሆን የማይችለው ነገር በድርሰቱ ዓለም ውስጥ እንደሚሆን ተቆጥሮ የሚጻፍ ልብ ወለድ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ፍርሃትን፣ ሞትንና ክፋትን ዋነኛ ጉዳዩ የሚያደርገውን ክፍል ደግሞ ጽልመታዊ ምትሃት ብንለው ያስኬዳል።

ስያሜው አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። ከሰማይ የወረዱትን ትጉሃንና ከእነርሱ የተወለዱትን ግዙፋን የሚተርከው መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ይዘቱን እንደያዘ የቆየው በግእዝ ነው። የታላቁ እስክንድር ጀብዱ የሚነገርበት ዜና እስክንድርም ከግእዝ ሥነ ጽሑፍ ቅርሶች አንዱ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ከማሳተማቸው አሥር ዓመት ቀደም ብለው ለአንባቢ ያቀረቡት «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለውን መጽሐፍ ነበር። የእውነታዊነት አውራ ተብለው የሚጠቀሱት ደራሲ አስቀድመው የተረት ሰብሳቢ እንደነበሩ ሊዘነጋ አይገባም። በሌላውም የአፍሪካ ክፍል ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ናይጄሪያዊው አሞስ ቱቱዎላ የዩሩባን ተረት መሠረት አድርጎ የጻፈው ልብ ወለድ በ1952 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ሲታተም፣ የገዛ አገሩ ምሁራን አንዳንዶቹ በቋንቋውም በይዘቱም አፍረውበት ነበር። ዛሬ የአፍሪካ ምትሃታዊ ልብ ወለድ በተነሣ ቁጥር ስሙ ከፊት ይጠራል።

ለባሌ ደጋ አንባቢ ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ከጎባ ተነሥቶ ወደ ሳነቴ አምባ የወጣ መንገደኛ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በጉም መካከል የቆመ ጅብራ ሲያይ፣ ሰው ቆሞ የሚጠብቀው ሊመስለው ይችላል። አምባውን አቋርጦ ወደ ሐረና ደን ሲወርድ ደግሞ ፀሐይ በቀትር የምትደበዝዝበት፣ ዛፉ ሽበት ያወጣ ይመስል ሙጭርጭር ያለ ሽበቶ የሚንጠለጠልበት ሌላ ዓለም ይገጥመዋል። የሐረና ቡሉቅ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው አንገቱ የዚሁ የደን አገር ከተማ ናት። የጫካ ቡና የሚለቀምበት፣ ከረጃጅም ዛፎች ላይ ቀፎ ተሰቅሎ ማር የሚቆረጥበት አገር ነው። በስተምሥራቅ የወይብ ወንዝ ዐለት ፈልፍሎ የሚያልፍበት የሶፍ ዑመር ዋሻ፣ ምእመናን ከየአቅጣጫው የሚጎርፉበት ድሬ ሼህ ሁሴን ይገኛሉ። በዚህ ምድር በእሳት ዳር የሚነገር የቡልጉ ታሪክ፣ ማለትም በአማርኛ ጭራቅ የምንለው ሰው በላ ታሪክ፣ ልጅ አስተኝቶም ልጅ አስፈርቶም ኖሯል። የሚጎድለው ምትሃት አይደለም። ምትሃቱን ለምን ዓላማ እንደምናውለው ማወቅ ነው።

ይህን ለማለት ያነሣሣኝ አንድ የተማሪ ድርሰት ነው። ከዚሁ አካባቢ ከአንድ ትምህርት ቤት የተገኘ፣ ዐሥር ገጽ የማይሞላ አስፈሪ ታሪክ ነበር። ቋንቋው የተባ፣ የሌሊቱ አገላለጽ የሚያስበረግግ ነው። ደራሲው ልጅ ተሰጥኦ እንዳለው አያጠራጥርም። በታሪኩ ውስጥ በመንደሩ ሕፃናትን አንድ በአንድ የሚያከሳና የሚገድል ክፉ ኃይል አለ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ገዳይዋ ትያዛለች፤ በመንደሩ ዳር ብቻዋን የምትኖር ሸክላ ሠሪ ሆና ትገኛለች። ዓይኗ ቡዳ ነው። መንደርተኛው ጎጆዋን ያቃጥላል፤ ሕፃናቱም ይድናሉ። ድርሰቱ በክፍል ውስጥ ሲነበብ ጭብጨባ እንደተቸረው መምህሩ ነገረኝ። ቀጥሎም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከአጨብጫቢዎቹ መካከል እናቷ ሸክላ የምትሠራ አንዲት ተማሪ እንደነበረች ጨመረልኝ። ልጅቷም አጨብጭባለች።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ብዙ ክፍሎች ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸማኔው ኅብረተሰቡ ያለ እነርሱ ሥራ አንድ ቀን የማያድር ሆኖ ሳለ፣ በቡዳነት እየተጠረጠሩ ከማዕድ፣ ከጋብቻና ከመቃብር ሳይቀር ሲገለሉ ኖረዋል። ማረሻውን የሠራው እጅ ተፈራ፤ ማረሻው ግን ተወደደ። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛውን በሙያው የሚሰድብ እንዳይኖር ዐዋጅ ማስነገራቸው የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ዐዋጅ ከአፍ ስድብን ሊያስቀር ቢችል ከልብ ፍርሃትን አያወጣም። ፍርሃት የሚኖረው በታሪክ ውስጥ ነውና። ስለዚህ ታሪክ ጸሐፊው ትልቅ ኃላፊነት አለበት። ጨለማን በድርሰቱ ውስጥ ማስገባቱ ጥፋት አይደለም፤ ጨለማውን ቀድሞውኑ በተገፋ ሰው ላይ ከጣለው ግን የቆየውን ግፍ በአዲስ ቀለም ጻፈው ማለት ነው። ለዚህ ጽሑፍ የመረጥነው ሚዛንም ይኸው ነው። መጽሐፉ ጨለማውን በማን ላይ ይጥላል? ከታች ባለው ላይ ወይስ ከላይ ባለው ላይ?

በዚህ ሚዛን ስንመዝን በመጀመሪያ የምናነሣው፣ አስገራሚ በሆነ መንገድ ከእኛው ባህል የተቀዳ አንድ የውጭ አገር ልብ ወለድ ነው። ላውረን ብላክውድ የተባለችው ትውልደ ጃማይካ አሜሪካዊት ደራሲ በ2021 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ይህ መጽሐፍ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በእነዚህ ክፉ ግንቦች ውስጥ» እንደማለት ነው። የሻርሎት ብሮንቴን የ1847 እ.ኤ.አ. ልብ ወለድ «ጄን አየር»ን ኢትዮጵያን በሚመስል ዓለም ውስጥ አዲስ አድርጎ ይተርካል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ አንድሮሜዳ ደብተራ ናት፤ አሳዳጊና አስተማሪዋ ጀምበር ከቤት ስላባረራት እንጀራዋን ፍለጋ በበረሃ መካከል ወደሚገኝ የአንድ ወጣት ባለጸጋ ግንብ ትገባለች። ሥራዋ በግንቡ ላይ የሰፈረውን ቡዳ በምትሠራው ክታብ ማስለቀቅ ነው።

የአገራችን አንባቢ በዚህ መጽሐፍ ላይ ቅሬታ ማንሣቱ አይቀርም፤ ተገቢም ነው። ደብተራ በእኛ ዘንድ ከሁሉ በፊት የዜማና የቅኔ ሰው፣ በአብነት ትምህርት ቤት ዓመታትን ያሳለፈ ሊቅ ነው። በድርሰቱ ውስጥ ግን ከዚህ ሁሉ የቀረው አስማተኝነቱ ብቻ ነው። የእኛ ክታብ በብራና ላይ በግእዝ የሚጻፍ፣ ጠልሰም የሚሣልበት፣ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት የሚለካ፣ በቆዳ ማኅደር የሚሰፋ ጥቅል ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ግን ከብር የሚሠራ ጌጥ መሰል ነገር ሆኗል። የፍቅሩ ታሪክም በመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ከፍርሃቱ ይበልጥ ቦታ ይወስዳል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ደራሲዋ ሳታስበውም ይሁን አስባ አንድ ትልቅ ነገር ሠርታለች። ቡዳን ከድኻ ሙያተኛ ጎጆ አንሥታ በባለጸጋ ግንብ ላይ አሳርፋዋለች። ከዚህም በላይ በእኛ አገር ተረት ብረትና ብር የሚሠራው እጅ የሚጠረጠር እጅ ሲሆን፣ በእርሷ ድርሰት ውስጥ ያው እጅ ፈዋሽ ነው። አንድሮሜዳ ክፋትን የምታሸንፈው በተወለደችበት ዘር ወይም በተሰጣት ዙፋን ሳይሆን በተማረችው የእጅ ሥራ ነው፤ ስትሠራ ይደክማታል፣ ዋጋዋን ትከራከራለች፣ ደመወዝ ትጠይቃለች። ከሩቅ አገር ያለች ደራሲ የእኛን ነገር ወስዳ ለእኛ ያላየነውን አሳየችን። በቅሬታችን ላይ ይህንን ምስጋና ልንጨምርበት ይገባል።

ሁለተኛው ፒ. ጄሊ ክላርክ በሚል የብዕር ስም የሚጽፈው አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር በ2020 እ.ኤ.አ. ያቀረበው «ሪንግ ሻውት» የተሰኘ አጭር ልብ ወለድ ነው። ርእሱ በባርነት የነበሩ ጥቁሮች ክብ ሠርተው እያሸበሸቡ ይዘምሩት የነበረው ዝማሬ ስም ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1922 እ.ኤ.አ. በጆርጂያ ክፍለ ግዛት ሜከን ከተማ ሲሆን፣ ነጭ ለባሾቹ የኩ ክለክስ ክላን ዘረኞች አንዳንዶቹ በእውነት ከሰውነት ወጥተው ጭራቅ ሆነዋል። በ1915 እ.ኤ.አ. የወጣው የዘረኞች ፊልምም በድርሰቱ ውስጥ ጥላቻን የሚዘራ ድግምት ሆኖ ይቀርባል። ሦስት ጥቁር ሴቶች በሰይፍ፣ በጠመንጃና በፈንጂ ይዋጓቸዋል።

እዚህ ላይ ጨለማው በግፈኛው ላይ መውደቁ ግልጽ ነው። መጽሐፉን ከተራ የፕሮፓጋንዳ ጽሑፍ የሚለየው ግን ከዚያ አልፎ መሄዱ ነው። ጭራቆቹ ጀግናዋን ማሪስን ሊያሸንፏት ሲያቅታቸው ቁጣዋን ሊገዙ ይመጣሉ። የተበደለ ሰው ቁጣ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን እርሱም የጨለማ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ደራሲው ሳያቃልል ያሳያል። ስለ ሰፊው ሕዝብ በደል የሚጽፍ ደራሲ ሁሉ ይህንን ምዕራፍ ደጋግሞ ቢያነብበው ይጠቀማል። የዚሁ ደራሲ ሌላ ልብ ወለድ፣ በ1912 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ የሚፈጸመውና ጂኖች ከሰው ጋር በአንድ ከተማ የሚኖሩበት፣ እንግሊዞችም በጂን ኃይል ከግብፅ የተባረሩበት በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው መጽሐፉ፣ ቀለል ያለ ንባብ ለሚሹ ሁሉ የሚጋበዝ ነው። ስለ ጂን እየሰማ ላደገ የባሌ አንባቢም እንግዳ አይሆንበትም።

ሦስተኛው ከጎረቤታችን ምድር የተነሣ ነው። ትውልደ ናይጄሪያ አሜሪካዊቷ ንኔዲ ኦኮራፎር በ2010 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «ሞትን ማን ይፈራል» በሩቅ መጪ ዘመን በሱዳን ምድር ይፈጸማል። ኦንየሶንዉ የምትባለው ልጅ በጦርነት ጊዜ በእናቷ ላይ ከተፈጸመ አስገድዶ መድፈር የተወለደች ናት፤ ሁለቱም ወገኖች ያገልሏታል። አስማት የመማር ተሰጥኦ ቢኖራትም መምህሩ ሴት ናትና አላስተምርም ይላል። የሴት ልጅ ግርዛትም በመጽሐፉ ውስጥ በድፍረት ተነሥቷል። በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህንን ድርጊት የሚያስቀጣ አድርጎታል፤ ሕጉ ባለበት ልማዱ ለምን እንደሚቆይ ለመረዳት ግን የዚህ ልብ ወለድ ጥቂት ገጾች ከብዙ የቅስቀሳ ጽሑፍ ይልቅ ያስረዳሉ። ምክንያቱም ደራሲዋ ልጅቷ ራሷ ወድዳ፣ ቤተሰቧን ላለማሳፈር ብላ፣ ወደ ምላጩ ስትሄድ ታሳየናለች።

ይህ መጽሐፍ በ2011 እ.ኤ.አ. የዓለም ፋንታሲ ሽልማትን ሲያገኝ አንድ መነጋገሪያ ተከተለ። ሽልማቱ በዚያን ጊዜ የሚሰጠው ከ1890 እስከ 1937 እ.ኤ.አ. በኖረው አሜሪካዊው የአስፈሪ ታሪክ ደራሲ ላቭክራፍት የራስ ቅርጽ ነበር። ላቭክራፍት የዘርፉ አባት ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ ጥቁሮችን እንደ ግማሽ እንስሳ የሚቆጥር ዘረኛም ነበር። ኦኮራፎር እርሷን ሰው ብሎ የማይቆጥራትን ሰው ራስ በቤቷ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጧን በጽሑፍ በይፋ ጠየቀች፤ ከሌሎች ደራስያን ተቃውሞ ጋር ተዳምሮም ከ2015 እ.ኤ.አ. በኋላ የሽልማቱ ቅርጽ ተለወጠ። ያቺ እናቷ ሸክላ የምትሠራ ተማሪ ያጨበጨበችበትን ድርሰት ስናስብ፣ የላቭክራፍት ነገር የአሜሪካ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ይታየናል።

አራተኛውን መጽሐፍ የምንጠቅሰው ከማስጠንቀቂያ ጋር ነው። ጃማይካዊው ማርሎን ጄምስ በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ጥቁር ነብር፣ ቀይ ተኩላ» በአሽተቱ ብቻ የጠፋ ሰው የሚያገኝ አዳኝ አንድ ልጅ ፍለጋ የሚንከራተትበት፣ ከአፍሪካ አፈ ታሪኮች የተሸመነ ሰፊ ድርሰት ነው። የምናቡ ስፋት ያስደንቃል። ሆኖም የሚፈስሰው ደምና የሚፈጸመው ጭካኔ እጅግ በዝቶ አንዳንድ ቦታ ላይ ጨለማው በማንም ላይ ሳይሆን በሁሉም ላይ ይወድቃል፤ በሁሉም ላይ የወደቀ ጨለማ ደግሞ ምንም አያሳይም። ለደራሲያን ለመማሪያ ይጠቅማል፤ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ግን አይመከርም።

ወደ አማርኛ ስንመለስ ሁለት ደራስያንን ማንሣት ግድ ይላል። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ሲታተም የጣናን ገዳማት፣ የስለላ ድርጅቶችንና የሮኬት ሳይንስን በአንድ ሴራ አስተሳስሮ፣ መጽሐፍ ገዝቶ የማያውቀውን ወጣት ሁሉ ወደ መጽሐፍ መደብር እንዲሄድ አድርጓል። ይህ ውለታ ትንሽ አይደለም። ኢትዮጵያዊ ሊቅ የዓለምን ምሥጢር የጨበጠ ሆኖ መቅረቡም በራስ መተማመንን አሳድሯል። ድክመቱ ግን ከዚሁ ከጥንካሬው የሚመነጭ ነው። ክፋቱ ዘወትር ከባሕር ማዶ ይመጣል፣ መዳኛውም ጥቂት በተመረጡ ሊቃውንት እጅ ተሰውሮ ይኖራል። በመካከሉ ያለው አራሽ፣ ቀዛፊና ቀጥቃጭ የሚሠራው ነገር የለውም። የዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ» እና ተከታዮቹ መጻሕፍት ደግሞ ረጋ ያሉ ናቸው። ገዳም፣ ጥንታዊ ጥበብና ጉዞ ተዋሕደው፣ አንባቢው ለዕፀዋትና ለአገሩ ጥንታዊ ዕውቀት አክብሮት እንዲያድርበት ያደርጋሉ። በእነዚህ ውስጥ ግን ምሥጢሩ ከፍርሃቱ ይበልጣል፤ ጽልመት የሚሻ አንባቢ የሚፈልገውን ሙሉ በሙሉ አያገኝም። ሁለቱም ደራስያን ያላነሡት ጥያቄ የእኛው የራሳችን ጨለማ ነው፤ በመንደራችን ውስጥ እኛው የፈጠርነው፣ እኛው የምንፈራው።

ይህንን ጥያቄ የሚያነሣ ደራሲ ከባሌ ቢወጣ ቁሳቁሱ አያንሰውም። በ2019 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ይፋ እንዳደረጉት፣ በባሌ ተራሮች ወደ 3,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኘው ፊንጫ ሃበራ የዐለት መጠለያ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች በየጊዜው ይኖሩበት ነበር፤ ዋና ምግባቸውም በደጋው ላይ የሚገኘው ግዙፍ ፍልፈል ነበር። በዚያን ጊዜ ተራራው ከፊል በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነው። በዚያ በረዶ ሥር፣ በባልጩት ምላጭ፣ በእሳት ብርሃን የተቀመጡት ሰዎች ሌሊት ምን ይፈሩ ነበር? ይህንን ለመመለስ ደራሲ ያስፈልጋል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ተራራው፣ ቀይ ቀበሮውና የደጋ አጋዘኑ ተመዘገቡ፤ በእሳት ዳር የሚነገረው ታሪክ ግን ገና መዝጋቢ ይጠብቃል።

ከዚህ የሚከተሉት ተግባራት ግልጽ ናቸው። የባህል ሠራተኛው በአንገቱ፣ በጎባና በሮቤ የሚነገሩትን የቡልጉና የጂን ታሪኮች ከነተራኪዎቻቸው ስም በኦሮምኛ እንደተነገሩ መዝግቦ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል። ተርጓሚው ከላይ ከጠቀስናቸው መጻሕፍት ቢያንስ «ሪንግ ሻውት»ን፣ አጭር ነውና፣ ወደ አማርኛና ወደ ኦሮምኛ ቢመልስ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል። መምህሩ በንባብ ክበብ ውስጥ አስፈሪ ታሪክ ሲነበብ ሊከለክል አይገባም፤ ታሪኩ ካለቀ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ጎጆው የተቃጠለበት ማን ነው? ለምንስ እርሱ ሆነ?

ስለዚያ ተማሪ ድርሰትም መምህሩ ምክር ጠይቆኝ ነበር። ልጁን አትገሥጸው፣ ብዕሩን እንዳትሰብረው አልሁት። ታሪኩን እንደገና ይጻፈው፤ አሁን ግን ሌሊቱ በሸክላ ሠሪዋ ጎጆ ውስጥ ይጀምር፤ ችቦ ይዘው የሚመጡትንም በመስኮት በኩል ይያቸው። የዚያን ጊዜ ጭራቁ ማን እንደሆነ ልጁ ራሱ ያውቀዋል። ሁለተኛው ጽሑፍ እስካሁን አልደረሰኝም፤ ሲደርስ ግን በክፍል ውስጥ ሲነበብ ብሰማው ደስ ይለኛል፤ በተለይ ያቺ ተማሪ በተቀመጠችበት።